የነፋስ ዕዳ

የኛ ቤት ዕዳ አለበት፣ ነፋስ።
አሥራ አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ የብረት በር፣
የአባቴ የጉርሜሳ የሦስት ዓመት ላብ፣
በአንድ የኅዳር ሌሊት
ከገንደ ሀራ ተነሥቶ ወደ ወንጂ በረረ።
ሁለቱን አገኘናቸው፣ ሸንኮራ ውስጥ፣
እንደ ደብዳቤ ታጥፈው።
አባቴ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ
«እንግዲህ ይመዝገብ» አለ፣
ተበዳሪውን እንደሚያውቅ ሰው።
ደብተር እንኳ አልነበረውም።

ዛሬ ዕዳ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ።
በየጠዋቱ ቀበቶዬን ታጥቄ
ሃያ ሦስተኛዋ ማማ ሆድ ውስጥ እገባለሁ።
መሰላሉ ሁለት መቶ ስልሳ እርከን ነው፤
መቶኛው ላይ ትንፋሼን እቆጥራለሁ፣
ሁለት መቶኛው ላይ ኃጢአቴን፣
ከዚያ ወዲያ ቁጥሩም ያልበዋል።

ክዳኑን ከፍቼ ብቅ ስል አዳማ ከታች ናት፤
አቧራዋን ለብሳ፣ ባጃጇን እንደ ጥንዚዛ በትና።
ከማዶ ቦሰት፣ ትከሻው የተላጠ።
አዋሽም አለ፣ ባለፈው ክረምት ያበደው፣
ዘንድሮ ደግሞ
ጉንዳን ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገረው።

ሙቀቱን እንኳ ተዉት።
አዳማ ድሮም ሞቃት ነበረች፣ አልክድም፤
ግን ሲመሽ ይቅር ትለን ነበር።
አሁን ግድግዳው ቀን የዋጠውን
ሌሊቱን ሙሉ ያመነዥከዋል።
እትዬ ዘውዴነሽ ፍራሻቸውን በረንዳ አውጥተው
በካርቶን እያራገቡ ይጠይቁኛል፦
«አንቺ ሶሬቲ፣ ያ የምትወጪበት ነገር
መብራት ይሠራል አላልሽም?
ታዲያ የኔ አምፖል ምን በድሎ ጠፋ?»
መልስ አለኝ፣ ረጅም፣
ስለ ሽቦ፣ ስለ ትራንስፎርመር፣ ስለ ማከፋፈያ።
ሳልጀምረው ካርቶኑን እቀበላቸዋለሁ።
እስኪያንቀላፉ አራግባለሁ፣
በእጅ የሚሠራ አንድ ክንፍ።

ሌላም ዕዳ አለ፣ ያልተበደርነው።
የማናውቀው ፋብሪካ ጭስ፣ ያልተሳፈርንበት አውሮፕላን
አየሩ ላይ ተጽፎ ይቆይና
ሒሳቡ ከአጎቴ ከቱፋ ጤፍ ላይ ይነሣል።
ቱፋ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ እንዲህ ይላል፦
«የበላው ማዶ ነው፣ ያልበላው ተያዘ፤
ደመናው እንደ ሰው ሌላ አገር ተጓዘ።»

ያን ሁሉ ይሄ ብረት ይከፍለዋል?
ሐይቅን በጭልፋ ነው። አውቃለሁ።
ባለ ሦስት ክንፍ ጭልፋ፣
እሱም ኩሽኔታው ተሰብሮ
አራት ወር የቆመ፣
መለዋወጫው ወደብ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ።
በነዚያ አራት ወራት ነፋሱ
በክንፎቿ መሃል እያፏጨ አለፈ፣
አበዳሪው በር ላይ እያፌዘ እንደሚያልፍ ባለዕዳ።

ዛሬ ግን ኩሽኔታው ገባ።
ግሪሱ እስከ ክርኔ፣ ቁልፉ መዳፌን ልጦት፣
የመጨረሻውን ብሎን አጠበቅሁ።
ወርጄ ፍሬኑን ለቀቅሁ።
መጀመሪያ አቃሰተች፣
ከረጅም ሕመም እንደምትነሣ ሴት።
ከዚያ አንዱ ክንፍ ፀሐይዋን ቆረጣት፣
ሁለተኛው፣
ሦስተኛው።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋሁት።
«ይሰማሃል?»
ነፋሱ ጆሮው ላይ ነፈሰበት።
«ማን ነው?» አለ።
«ባለዕዳህ ነው።»
ሳል መጣበት፣ ወይም ሳቅ፤ አልለየሁትም።
«ንገሪው» አለ፣ «ዘጠኝ ቆርቆሮ ይቀረዋል።
በሩን ትቼለታለሁ።»