ልክ

ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ ዳር፣
አባቷ ጀልባ ሠሪ ነበር።
የጀልባን የጎን አጥንት በመጥረቢያ ጠርቦ የሚያጎብጥ፣
ዘይት በጠጣ ጥጥ
ስንጥቁን ደፍኖ ውኃን «እዚያው ቁም!» የሚል።
ልጅቱ ግን በወንዶቹ መሐል
መዶሻ ብታነሣ ሳቅ ይሆናል።
እናም በከሰል፣ በጓሮው ግድግዳ፣
የማትሄድ ጀልባ ሣለች፤ ጣራና በር ያላት፣ እንግዳ።
አባት ማታ መጣ። ጣቱን በጥቁሩ መስመር አስኬደ፤
«ይሄ ቋሚ ጠማማ ነው» አለና ሄደ።

«እሱን ቋሚ ሳቃና ኖርኩ» ትለኝ ነበር ወድሓ፣
«አርባ ዓመት፣ በዚህ ጨውና በረሃ።»

ካይሮ ተምራ፣ ጥቅል ወረቀት በብብቷ ይዛ ስትመለስ፣
የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ «መሐንዲሱ የታለ? ይግባ» አላት፣ አንገቱን ሳይመልስ።
«ገብቷል» አለችው።
ወንበር ስባ ስትቀመጥ ወንበሩ አነከሰ፤
የቤት ዕቃ ሥራዋ ያኔ ተጸነሰ።

ሞተር መጥቶ፣ ነዳጅ መጥቶ፣ ጀልቦቹ አሸዋ ላይ ሲቀሩ፣
ሰዎች በማገዶ ዋጋ ሲከራከሩ፣
እሷ የጎን አጥንታቸውን ገዛች፤ ጨው የጠጣ የሕንድ እንጨት፣
ጉብጠቱ ለሰው ጀርባ የሚስማማ፣ ካለ ምስማር የሚገጥም በብልሃት።
«ወንበርም ጀልባ ነው» ትላለች፣
«ውኃው ብቻ ነው የጎደለው።»

እኔ ያኔ ሪፋዕ ነበርኩ፣ ሰው ቤት፣ ከደረጃ ሥር ባለች ክፍል፤
መስኮት የላት፤ ብድግ ስል ጣራው ግንባሬን የሚል።
«ልክሽን እወቂ!» ነበር የእመቤቲቱ ሰላምታ።
ወድሓ ቤቱን ልታድስ መጣች አንድ ማታ፤
ሜትር ዘርግታ ግድግዳ ስትለካ
የኔን በር ከፈተች። ቁም ሣጥን መስሏት ለካ!
ጎንበስ ብላ ገባች። አየችኝ።
«ነይ፣ ልክሽን ልውሰድ» አለችኝ።

ደነገጥሁ። ልክ ማለት ለኔ እስከዚያ ቀን ስድብ ነበር።
የሜትሩ ብረት ይቀዘቅዛል፤ ከተረከዝ እስከ ጉልበት፣ ከወገብ እስከ ትከሻ ድንበር።
ጻፈችው። አንድም ቁጥር አላጋነነች።

በንድፏ መስኮት ሣለችልኝ፤ ቁመቱ ክንድ፣ ወርዱ ስንዝር።
እመቤቲቱ «ለማን?» አለች። ላጲስ።
ሦስት ጊዜ ሣለች፤ ሦስት ጊዜ ተፋቀ።
በአራተኛው ወረቀቷን ጠቀለለች፣ ቀብዱን መለሰች፣ ውሉ አለቀ።

መስኮቱስ? አትበሉኝ። አልተሠራም።
ያ ቤት ዛሬም አለ። ከደረጃው ሥር ማን እንዳለች አላውቅም።

እኔ ግን ኮንትራቴ ሲያልቅ እንጨት ቤቷ ገባሁ፤
ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ስምንት ዓመት ላግሁ።
ይርገዱ ማለት አቅቷት «ይርጋ» ትለኛለች፤
ምርቃት መሆኑን ሳታውቅ በቀን ሃያ ጊዜ ትመርቀኛለች።
በኔ ልክ የሠራችው ወንበር በየሆቴሉ፣ በየሚኒስቴሩ ገብቷል፤
የሰባ ሰው ሲቀመጥበት ትንሽ ይጠበዋል።

ፎቶ አንሺዎች መጥተው «የመጀመሪያዋ ሴት» ሲሏት ፊቷን ታጠቁራለች፤
«ይሁን፤ ሁለተኛዋስ የታለች?»

አሁን ዓይኗ ደክሟል። መጋጠሚያውን በአውራ ጣቷ ነው የምታነብ።
ትናንት ስልግ የዋልኩትን የወንበር እግር ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ማሰብ፣
ጣቷን ከላይ እስከ ታች አስኬደች፤
«ይሄ ቋሚ ጠማማ ነው» ብላኝ ሄደች።

በውኃ ልክ ለካሁት። ቀጥ ያለ ነበር።
ደግሜ ለካሁት።
አልነገርኳትም። ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣሁ፤
ምንም ከማይተርፈው እንጨት ላይ ጥቂት ዱቄት አራገፍሁ።
ያ የከሰል ቋሚስ፣ ያ የጓሮው፣ የልጅነቷ፣
ቀጥ ያለ ነበር ይሆን? ያውቅ ነበር ይሆን አባቷ?