ሦስተኛው ክንድ

ኮምቦልቻ ክረምት፣ ቦርከና መንገድ ሲዘጋ፣
ይማም ጎሚስታ ቤት፣ ከጎማው ክምር ጋ፣
ያው አጋዘን ደግሞ ዛሬም ተገደለ፤
ቀንዱም ካምናው በልጦ ባንድ ክንድ ተቀጠለ።

«መታሁት» ይላል አረጋ፣ «ከሐርቡ በላይ፤
ተንጋሎ ወደቀ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ።»
«ቢላዬን መዝዤ» ይማም ይላል ደግሞ፣
«ቢስሚላዬ ደረሰ፣ በስመ አብን ቀድሞ።»

እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሁሌ እዚህ ላይ።

የቀረውን የነገረችኝ ዘሐራ ናት፣ የይማም ሚስት፣
ያን ማታ ሽንኩርት አቁላልታ የጠበቀች፦
ሁለት ቢላ ባንድ አንገት ሲሟገት
አጋዘኑ ተነሣ፣
አቧራውን አራገፈ፣
ዳገቱን ወጣ።
ሽንኩርቱ አረረ።

ዝም አልኩ። ኮምፕሬሰሩ ጎማ ይነፋል፤
አረጋ ክንዱን ዘርግቶ ይለካል።
ሥጋው ለየብቻ፣ ውሸቱ የጋራ፤
ሦስተኛው ክንድ ላይ ዝናቡ አባራ።