የምስር ወንዝ

አዳሺም ይሉታል፤ ትርጉሙ ምስር ነው፤
በጋ ላይ ብትሻገር ጫማህን አይነካው።
ሥራዬ ውሃ መለካት ነው፤ ከአፉላ ወጣ ብሎ፣ ከድልድዩ ሥር
በቀለም የተሠመረ እንጨት አለኝ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር።
ክረምት እዚህ አገር በጥር ነው የሚገባው፤
ያን ጊዜ ምስሩ ይገነፍላል፣ ድስቱ አይበቃው።

አምና በአንድ ሌሊት የጌርሾንን ስንዴ በልቶ ሄደ፤
ጠዋት እንጨቴን ብፈልግ፣ እሱም ተነቅሎ ወርዷል ከወረደ።
ከድፍርሱ በወይራ ጠርሙስ ቀዳሁ፤
ወጥ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጬ አነጋሁ።
ሲጠራ ሁለት ሆነ፤ ከታች ቀይ፣ ከላይ ጥቁር፤
እንደ ተኳረፈ ባልና ሚስት፣ በአንድ ቤት የሚኖር።

ስብሰባው በካሮት ማሸጊያው መጋዘን ነበረ፤
ሻይ መጣ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ።
መሐንዲሷ ኖጋ ካርታዋን ዘረጋች፤
«ቦዩን በሲሚንቶ ማስፋት ይቅር» አለች፤
«ውሃው ይዘግይ። ላይ ያለው ሣር ይተው፣ በድንጋይ ይከትር፤
ታች ያለው ሰባት ዱናም ለጎርፍ ማደሪያ ያበድር።»

ጌርሾን ተነሣ፤ ወንበሩ ወደቀ።
«ይህን ረግረግ አያቴ ነው፣ በአካፋ ያደረቀ!
ወባ ሁለት ልጅ ወስዶበታል፤ ስማቸው እዚያ ድንጋይ ላይ አለ።
አሁን አንቺ መጥተሽ ረግረጉን መልስ ትይኛለሽ?» አለ።

አቡ ራጊብ መቁጠሪያው ላይ ጣቱን አሳረፈ፤
«ጉድጓዴ በነሐሴ ሲነጥፍ ማን ደወለ? ማን በደጄ አለፈ?
ዛሬ ዝናብህን ያዝልን አላችሁ፤ ለማን ስንዴ?
ከወይራዬ መሐል ሣር ትቼ ቢነድብኝ፣ ካሳው ከናንተ ነው እንዴ?»

እኔ ምን ልበል? ደሞዝተኛ ነኝ፤ ስንዝር መሬት የለኝ፤
አፈሩን ግን በስሙ አውቀዋለሁ፤ ዋልካ ነው፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ፦
«ሲጠግብ ይውጥሃል፣ ሲጠማ ይሰነጠቃል፤
በአንዴ ስታፈስበት ይተፋል፣ ቀስ ስትል ይጠጣል።»

ጠርሙሱን አውጥቼ ከካርታው ላይ አቆምኩ።
ዝም አልኩ።

አቡ ራጊብ መነጽሩን አጠለቀ፣ ጎንበስ ብሎ አየው፤
«ቀዩ የኔ ነው» አለ። «ከላይኛው እርከን የሄደው።
ድሮ ሥሩ የማይታይ ዛፍ፣ ዛሬ በሥሩ በግ ይሾልካል።»
ጌርሾን ጠርሙሱን አዞረ፤ ጥቁሩን በአውራ ጣቱ ለካ፤
በተቀላቀለ ዕቃ ኖሯል የምንጣላው ለካ!
ኤሳው ብኩርናውን በምስር ሸጠ ይላል ኦሪት፤
እኛ ምስሩንም ሳንቀምስ፣ አፈሩን በነጻ ሰደድን፣ በአንድ ሌሊት።

ሰባቱ ዱናም አራት ሆነ። ለአንድ ክረምት ብቻ፣ በፊርማ።
ሣሩም በግማሹ መደዳ። ማጨጃውን
መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል ተባለ፤
እስከ ዛሬ አልከፈለ።

መስከረም ላይ አሥራ ሁለት ክትር ደረደርን።
የጌርሾን ሠራተኛ ፕራሰርት፣ ከታይላንድ የመጣው፣
አገሩ ሩዝ ገበሬ ነበር፤ ግድቡን በባዶ እግሩ እየረገጠ
«እንዲህ» አለን፤ ቋንቋችን እዚያ ላይ በለጠ።

ጥር ገባ። ሦስት ቀን ዘነበ።
ሁለቱ ክትር ፈረሰ፤ ያንዱ ድንጋይ እስከ መንገዱ ተንከባለለ።
በሦስተኛው ሌሊት ባትሪ ይዤ ከአዲሱ እንጨት ሥር ቆምኩ፤
ጌርሾንም መጣ፤ ካፖርቱ ከፒጃማው ላይ ነው፤ አልጠየቅኩ።
ስልኩ ጮኸ። አቡ ራጊብ ነው፤
«አሁን ከኔ ወጣ። አይሮጥም፤ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

ጌርሾን ሰዓቱን አየ። ጥንት መንገዱ አርባ ደቂቃ ነበር።
አርባው አለፈ። እንጨቱ ላይ ውሃው
ከቀዩ መሥመር በታች አንድ ጣት ያህል ይተነፍሳል።
በአራቱ ዱናም ጨለማ ውስጥ እንቁራሪት ጀመረች፤
ጌርሾን ተሳደበ፣ በቀስታ።

ሰዓት ከሩብ። ስልኩ ደግሞ ጮኸ።
«ደረሰ?»
«ገና ነው» አለ ጌርሾን፣
ፊቱን ወደ ኮረብታው አዙሮ፣
«ገና ነው።»