ያረረ ቆሽት

ደንበጫ ገበያ፣ ጤፍ በተወደደ፣
ማዳበሪያ ጠፍቶ፣ ክረምት በነጎደ፣
ሰው ሁሉ ይላታል፣ አፉ ለምዷት ኖሮ፦
«ቆሽቴ አረረ እኮ፣ አረረ ዘንድሮ!»

የኔ ግን እውነት ነው።

በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ በሰኔ መባቻ፣
ያለ ጭስ ያለ እሳት፣ አረረ ለብቻ።
ገንቦ ሙሉ ውሃ፣ ጠጥቼ አልረካሁም፤
ሌሊት ስመላለስ፣ ከደጅ አልጠፋሁም።
ካሸናሁበት ሥር፣ ጉንዳን ሰፈረበት፣
ሰርግ እንደ ተጠራ፣ ወረፋ ያዘበት።
አክስቴ «ጥላ» አለች፣ ጎረቤት «ዓይን» አለ፤
ሥጋዬ እንደ ቅቤ፣ ቀልጦ እየጎደለ።
ደብረ ማርቆስ ደረስሁ፣ ሳላውቀው ተኝቼ፤
መርፌ ተቀበልሁኝ፣ በሦስት ቀን ነቅቼ።

«የገዛ ዘበኛዋ ነው፣ ቆሽቷን የገደለው»
ብሎ ሐኪሙ ቢነግረው፣
አባቴ ልየው አሰበ፣ አሰበና እንዲህ አለው፦
«ለካ የቤት ውሻ ነው፣ በጉን የጨረሰው።»

ተምጫ ወርዶ ያን ሰሞን፣ አሸዋ አመጣ፤
ፍሪጅ ለሌለው ቤት፣ ይኼን መላ አወጣ፦
ገንቦ በገንቦ ውስጥ፣ መሃሉ እርጥብ አሸዋ፣
ውስጡ ያቺ ብልቃጥ፣ የዕድሜዬ ጽዋ።
ውሃ አጠጣዋለሁ፣ ጧት ማታ እንደ ችግኝ፤
እሱ የጠማው ለት፣ ጦሱ እኔን ነው የሚያገኝ።

መርፌ በጠፋ ወር፣ አንዷን ስደጋግማት፣
እስክትዶለዱም ድረስ፣ ጭኔ ለምዶ ቻላት።
ሽማግሌም መጥቶ፣ «ስኳር አለባት» ሲሉት፣
ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሄደ በመጣበት።
ምን የሚሉት ስም ነው፣ ለመራራ ነገር?
ጠላት እንኳ ቢሆን፣ ማን ይለዋል ስኳር?

ብሩ ከባሕር ዛፍ ነው።
በየዓመቱ ጥር ላይ፣ አጣና ይጫናል፤
አንድ መኪና እንጨት፣ ስንት ብልቃጥ ይሆናል?

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ፣ ወረፋ ላይ ሳለን፣
ሲስተር ይታይሽ መጥታ፣ ይኼን አጫወተችን፦
«ሩቅ አገር ነው አሉ። ግንደ ሕዋስ ወስደው፣
ገና ምንም ያልሆነውን፣ ሁሉን መሆን የሚችለው፣
አስተምረው፣ አስተምረው፣ የቆሽት ዘር አድርገውት፣
በጉበት ደም ሥር በኩል፣ ሰው ውስጥ ቢያስገቡት፣
ኢንሱሊን አፈለቀ። መርፌ የተወም አለ።»
ሲንጫጫ የነበረው ወረፋ፣ ጭጭ አለ።

«ግንዱ የምን ዛፍ ነው?» አባቴ ነው።
ሳቅን ሁላችንም።
እሱ ግን አልሳቀም።

«ጉቶ እንደሆን አውቃለሁ። ከመሬት አስተካክለህ ብትጥለው፣
በክረምት ትመጣና፣ አምስት ቀንበጥ አለው።
ከእኔ ይቁረጡላት፤ ልየው ምን ሊሠራ!
ሥልሳ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ይቺ ግን ታፍራ።
ስሟንስ አንጓች ያልሁት፣
እንጨት ከአንጓው እንደሚያቆጠቁጥ አውቄ አይደል?»

ሲስተር እጁን ያዘች፦ «ገና ነው፣ አባባ።
የሞከሩት ጥቂት ናቸው።
ደግሞ እንግዳ ሕዋስ፣ ሰውነት ሲገባ፣
ያ ውሻ አይምረውም።
ውሻውን ማስተኛ፣ ሌላ ኪኒን አለ፤
እሱ የተኛ ለት ግን፣ ሌባ አጥር ዘለለ።»

«ስንት አጣና ያወጣል?»

አልመለሰችለትም።
ካርዴ ላይ ጻፈች ብቻ፦ ሁለት መቶ ሰማንያ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ቆሽቴ እርር አለ።
ቀጥሎ ሳቄ መጣ፦
ምኑ ነው የሚያርረው፣ ምን የቀረ አለ?

ጥር ደረሰ። ደላላው መጣ፣ ከነመኪናው።
አባቴ ሁሉን ሸጠ፣ የምሥራቁን መደብ ትቶ።
«ይኼስ?» ቢለው ደላላው፣
«እሱ ቀጠሮ አለው» አለ፣ መጥረቢያውን አንግቶ።

አልቆጠርኋቸውም።
ዋሸሁ፤ ቆጠርኋቸው፦
አርባ ሦስት ናቸው።

ማታ ማታ ሲነፍስ፣ ድምፃቸው ውሃ ውሃ ይላል።
ወጥቼ አሸዋውን አረጥባለሁ፤
ገንቦው እንደ ሰው ያልበዋል።