ለሚቀጥለው ስብሰባ

ከቅዳሜ ገበያ ከእትዬ ደብሪቱ
ሚጥሚጣ ገዛሁኝ፣ ሩብ ነው ብዛቱ፤
ጠቅልላ የሰጠችኝ ያ ቢጫ ወረቀት
ቃለ ጉባኤ ነው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣
የሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት።

አራገፍኩት ቆሜ፤
አነበብኩት፣ ሚጥሚጣው እያስነባኝ፣ ደግሜ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት ሆይ፣» ይላል ግራዝማች ይግዛው፣
የእኛው እንደራሴ፣ «እኔ የምጠይቀው
ድልድይ ነው። ክረምት ሲገባ የኛን ወንዝ የሚያውቅ
እዚህ ማን ተቀምጧል?» (በቅንፍ ውስጥ፦ ሳቅ።)
«ባለፈው ሐምሌ ብቻ ሦስት ሰው ወስዶብናል፤
አንዷማ…»
እዚህ ላይ ተቀዷል።

ተመለስኩ በሩጫ። «እትዬ፣ ቀሪው የት አለ?»
«የምኑ?»
«የዚህ ገጽ፣ ከዚህ የቀጠለ።»
«እኔ እንጃ ልጄ፣ በኪሎ ነው የገዛሁ፤
ጧት ለአንዲት የአዘዞ ሴት አብሽ ቋጥሬ ሰጠሁ።»

ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ፣ በሶብላም ደገምሁ፤
የተማሪ ፈተና፣ የዕድር መዋጮ፣ ይኸን ነው ያገኘሁ።
ኮረሪማው ላይ ግን፣ ከጥጉ፣ በጠፋ ቀለም፦
«ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።»
ሌላ የለም።

መሸ። ወንዙ ሞልቷል። ጫማዬ ባንድ እጄ፣
ባንዱ እጄ በትሬ፤
ገጹን እንዳይረጥብ ነከስኩት በጥርሴ፣
ማዶ እስክደርስ ድረስ እየለበለበኝ ከንፈሬ።