ሠንጠረዥ ሰባት

ሰኔ ሃያ ስምንት፣ በጀቱ ሊዘጋ፣
ፋይሉ እንደ ሰሌን ወለል ላይ ሲዘረጋ፣
ሐረር፣ ከጀጎል ውጪ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣
ገቢና ወጪውን ላስታርቅ ስጨነቅ፣
ወይዘሮ መፍቱሃ ገቡ በሩን ገፍተው፣
የረጠበ ጃንጥላ ግድግዳ አስደግፈው።

የአፎቻቸው ገንዘብ ያዥ፣ አርባ ዓመት የሠሩ፣
ሳንቲም ብትጎድል ተኝተው የማያድሩ፤
ለቀብር ምን ወጣ፣ ለሰርግ ምን ዋለ፣
ማን ቆጥሮ አስረከበ፣ ማን «ነገ» እያለ
ሦስት ረመዳን ከረመ፣
ሁሉም በደብተራቸው በእጅ ጽሑፍ አለ።

ከዘንቢል አወጡ ጥቅል ደረሰኝ፣
በላስቲክ የታሰረ። «ተመልከትና ዳኘኝ፤
ይኸ ማህተም አንበሳ፣ ይኸኛው ማረሻ፣
ይኸ ደግሞ ኮከብ፤ መንግሥት መጣ፣ ሄደ፤
ከኤረር በር ማዶ ያለው የወቅፍ እርሻ
ግብሩ ግን በየዓመቱ ከእጃችን ወረደ።
ግብር የበላ ሰው አብሳዩን ይክዳል?
መሬት ቢሮ ብሄድ ‹ፋይሉ ጠፍቷል› ይላል፤
ፍትሕ ቢሮ ብሄድ
‹የገንዘብ ነገር ነው› ብሎ ወዳንተ ይመራል።»

የካሳውን መደብ ፈለግሁ። አገኘሁት።
ስሙ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ከፊቱ ግን ሰረዝ።
ዜሮ እንኳ አይደለም፤ ዜሮ ተቆጥሮ ነው፤
ሰረዝ ግን ማንም ሰው ያልቆጠረው ነገር፣
ወይ ደግሞ ቆጥሮት ኋላ የሰረዘው።

«አትፈር» አሉኝ። «የሌላ መንግሥት መስሎህ?
የራሴ ልጆች ናቸው ምክር ቤት የገቡት፣
በገዛ ቋንቋዬ ጨረታ ያወጁት።
ይኸ የመሬት ኃላፊ ሚስት ያገባ ጊዜ
ሦስት መቶ ብር ጎድሎት፣ ላቡ ጠብ ሲል ከፊቱ፣
የሞላሁለት እኔ ነኝ። ገጹን ላሳይህ?»

አላየሁም። ዓይኔ ሌላ ገጽ ላይ ነበር፤
ሠንጠረዥ ሰባት፣ ተራ አራት፦
ከሊዝ የተገኘ ገቢ፣ «ኤረር በር ማዶ፣
አሥራ ሁለት ቁራጭ መሬት»።
እኔው ነኝ የጻፍሁት፣ በታኅሣሥ፣ በዚህ ጣት።
የጥር ደሞዛችን፣ የአምቡላንሱ ጎማ፣
የትምህርት ቤቱ ጣራ፣ ዝናብ ሲመታው የሚሰማ፣
ሁሉም የተነቀለው ከዚያ ብርቱካን ሥር ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። ባለፈው ሐሙስ ዕለት
አንድ ገበሬ መጣ፣ አብዶሽ ኢብሮ የሚባል፣
ለዚያችው መሬት፣ ለዚያችው ዓመት
ደረሰኝ ይዞ። ቁጥሩ ብቻ ይለያል።
ነገርኳቸው።
ዝም አሉ። ደብተራቸውን ከፈቱ።
«አብዶሽ? የኢብሮ ልጅ? አውቀዋለሁ፤ እናቱ
ስትሞት ከፈን የገዛነው እኛ ነን፤ ሲሶ ያርስልን ነበር።
እሱም አልዋሸ፣ እኔም አልዋሸሁ፤
አንዲት ላም ሁለት ጊዜ ያለበ ሌላ ነው።»

ምን ልበል? «በጀት የለም» የሚል ማህተም አለን፣
ቀለሙ መቼም የማይደርቅ።
እጄን ሰደድሁ። መለስሁ።

«እሺ» አሉ። «ገንዘቡን ተወው።
መጥቼ እንደነበረ ደረሰኝ ቁረጥልኝ።»

እንዲህ ላለ ነገር ቅጽ የለንም።
ያለን ጥራዝ «ገንዘብ ተቀብያለሁ» ይላል፤
«ገንዘብ» የሚለውን ሰርዤ፣ ከበላዩ
«ጥያቄ» ብዬ ጻፍሁ። ብዛት፦ አንድ።
በብር፦ —

ነጩን ቅጂ ወሰዱ። እፍ አሉበት፣ እስኪደርቅ፤
ከአንበሳው፣ ከማረሻው፣ ከኮከቡ በታች
በላስቲኩ አሰሩት። ጃንጥላቸውን አነሱ።

ሰኔ ሠላሳ ማታ ሒሳቡ ተዘጋ፤
ገቢና ወጪው እኩል ነው፣ ኦዲተሩ ፈረመ።
የካርቦኑ ቅጂ ግን ጥራዙ ላይ አለ፤
ለካ እጄ ጠንክሮ ኖሯል፣
ከሥሩ ባሉት ባዶ ገጾች ሁሉ ላይ
ያቺ ሰረዝ ታትማለች።