ጃንጥላ በአንድ እጅ

ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላ አትርሳ፣
ይላሉ ሰዎቹ ደመናው ሲነሣ።
ካናዛዋ ማለት ይህቺ ከተማ ናት፣
ፀሐይ እንደ እንግዳ ቆማ የምትሄድባት።

ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ ካሳኖ ድልድይ ጥግ፣
ካቴና ሳልነካ የምጀምር በሕግ።
ፍሬን ሊያሠራ የመጣ ምክር ይዞ ይሄዳል፣
ሒሳቡ የፍሬን ነው፣ ምክሩ ይመረቃል፦

«በግራ ንዳ ልጄ፣ ግራ ሳትጋባ፣
ቀይ ሲበራ ቁም፣ ሾልከህ አትግባ፤
ስልክህን ኪስ ክተት፣ ወሬው አይሻግትም፣
ሲመሽ መብራት አብራ፣ ሰው ድመት አይደለም፤
ደወሉን ባሮጊት ጀርባ አታቃጭል፣
ውረድና ግፋ፣ ክብርህ አይጎድል።»

«እሺ» ይላሉ ሁሉም፣ አንገት ጎንበስ አርገው፣
የእሺታቸው ዕድሜ እስከ ድልድዩ ነው።

ከመስኮቴ ሆኜ ጥፋት እቆጥራለሁ፣
ባንድ እጄ ሻይ ይዤ የሌላውን ጣት አጥፋለሁ።
ያ የባንክ ቤቱ ሰው፣ ሱፉን የተኮሰ፣
ቀዩን መብራት አይቶ እጅ ነሥቶ ጣሰ።
ተማሪዋ ቺዙሩ ከጓደኛዋ ጋር
ጎን ለጎን ይነዳሉ፣ አያልቅም የሆድ ነገር፤
ሦስተኛው ከኋላ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣
በዘፈን ያልፋል፣ ከዚህ ዓለም መንኖ።
የዓሣ ሻጩም ልጅ፣ ወንድሙን አቁሞ
ከኋላ እንደ ሐውልት፣ ያልፋል ሁሉን ቀድሞ።
አንዲት እናት ብቻ ሁለት ልጅ ጭናለች፣
ከነሽንኩርት ዘንቢሏ ቀዩ ላይ ቆማለች።
ጣቴን አላጠፍኩም።

ሲዘንብ ግን አንድ ሆነው ሁሉም ያጠፋሉ፣
ባንድ እጅ ጃንጥላ፣ ባንድ እጅ ይነዳሉ፤
ነፋስ ሲመጣማ ጥላው ይገለበጣል፣
ጎዳናው እንጉዳይ ያበቀለ ይመስላል።
«ፍሬን ሁለት አይደል? አንዱን ማን ይጨብጠው?»
ብዬ እጮሃለሁ፣ ዝናብ ድምፄን በላው።

ያን ማክሰኞ ማታ፣ ሱቅ ዘግቼ ስወጣ፣
ዝናብ ከላይ አይደል፣ ከጎን ነው የመጣ።
ቶፉ ቤት ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፣
የሚስቴ ዝምታ ከዝናብ ይብሳል።
ሸክላ ሠሪ በገል ትበላ የለ ወይ?
መብራቴም ከሞተ ክረምት አልፎ የለ ወይ?
ቺዙሩ የረሳችው፣ እንጆሪ ያለበት
ሮዝ ጃንጥላ ነበር፤ አንሥቼ ዘረጋሁት።
በቀኝ በኩል ያጥራል የቶፉ ቤት መንገድ፣
«ለዛሬ ነው» አልኩና ጀመርኩት መንጎድ።

ፊሽካ!

ደጋፊ ጎማውን የፈታሁለት ልጅ፣
ኮርቻውን ይዤ የሮጥኩለት በደጅ፣
ሺንጎ፣ ፖሊስ ሆኖ፣ እርሳስ ይዞ በእጅ፦
«መብራት የለም» ጻፈ። «ጃንጥላ በአንድ እጅ።»
ቀና ብሎ አየኝ፣ ውሃ ከቆቡ እየፈሰሰ፣
«በቀኝ ነው የመጡት…» ድምፁን ቀነሰ፣
«ኖሞቶ ሳን፣ እንዴ፣ ግራ ገባዎት ወይ?» አለኝ፤
የራሴውን ምክር ከነቃናው መለሰልኝ።

ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፣ ቢጫ ቁራጭ ወረቀት፣
ብስክሌቴን ገፍቼ ሄድኩ በእግር ወደ ቤት።
ቶፉ ቤት ተዘግቷል።
ፉሚዬ አነበበች መነጽር አድርጋ፣
ደግማም አነበበች፤ ከዚያ
ሳቋን ልትደብቅ ሄደች ፎጣ ፍለጋ።

በነጋው ቺዙሩ ጃንጥላ ልትወስድ መጣች፣
መስኮቴ ላይ የለጠፍኩትን ቢጫውን አየች።
እኔ አልተናገርኩም፣ እሷም አልጠየቀች፤
ጃንጥላዋን አጥፋ ከብረቱ አሠረች፣
የዝናብ ኮቷን ለብሳ በግራ በኩል ሄደች።

ካቻቢቴ ይዤ ወንበሬን ሳብኩና፣
የዛሬው ቀዳሚ ደንበኛ እኔ ነኝና፣
የሞተውን አምፖል ከጎጆው ፈታሁት።
ሒሳብ የለም።
ምክርም አልመረቅሁት።